ውሃው ይቆይ፦ ዘመን የቆጠረን ልብስ መመርመር፣ ማጽዳትና ማስቀመጥ

ሳጥን ተከፍቶ ዘመን የቆጠረ ልብስ ሲገኝ እጅ መጀመሪያ የሚሠራው ልብሱን ብድግ አድርጎ ማራገፍ ነው። ከዚያ «ይታጠብ» ይባላል። ሁለቱም ጥፋት ናቸው። ለመቶ ዓመት ታጥፎ የቆየ ሐር ሲራገፍ በእጥፋቱ መስመር ላይ ይሰነጠቃል፤ ውሃ ያወጣው ቀለም ደግሞ ተመልሶ አይገባም። ልብስን ብል ይበላዋል፣ ፀሐይ ያነጣዋል፣ እርጥበት ያሻግተዋል። እኔ ካየኋቸው የከፉ ጉዳቶች ግን አብዛኞቹ «ላሳምረው» ባለ ሰው እጅ የተሠሩ ናቸው። የራሴም እጅ አለበት፤ ቆይቼ እመጣበታለሁ።

ስለዚህ የዚህ መመሪያ ቅደም ተከተል ከተለመደው የተገለበጠ ነው። ማጠብ ወደ መጨረሻው ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም ጭራሽ አይደረስበትም።

ለምን እንደዚህ እንደምል አንድ ልብስ ያስረዳ። እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ፍሊንደርስ ፔትሪ እ.ኤ.አ. በ1913 ግብፅ ውስጥ ታርካን ከሚባል የመቃብር ስፍራ የቆሸሸ የተልባ እግር ጨርቅ ክምር አውጥቶ ነበር። ክምሩ ሳይነካ ከስድሳ ዓመት በላይ ቆየ። በ1977 የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የጨርቃ ጨርቅ ጥበቃ ባለሙያዎች ሲለዩት መሀሉ ላይ እጅጌና አንገት ያለው፣ በጥንቃቄ የተሸነሸነ ልብስ አገኙ። ልብሱ ተገልብጦ ነበር፤ ማለትም አንድ ሰው በራሱ ላይ ስቦ እንዳወለቀው ሆኖ ነው የተገኘው። ክርኑና ብብቱ ላይ ያለው ጭምድድ ለመቃብር ብቻ እንዳልተሰፋ፣ ሰው በሕይወቱ እንደለበሰው ይመሰክራል። በኋላ በሬዲዮካርቦን ሲለካ ዕድሜው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3482 እስከ 3102 ባለው ጊዜ ውስጥ ወደቀ። ያን ጨርቅ አንድ ቅን ሰው ቀድሞ አጥቦ ተኩሶት ቢሆን ኖሮ ዕድሜው ይታወቅ ይሆናል፤ የለበሰው ሰው ምልክት ግን ይጠፋ ነበር።

1. ቦታውንና እጅዎን ያዘጋጁ

ከልብሱ የሚሰፋ ጠረጴዛ ያግኙና ታጥቦ በደንብ የተለቀለቀ ነጭ አንሶላ ያንጥፉበት። ቀለበት፣ ሰዓት፣ የእጅ አምባርና ረጅም የጆሮ ጌጥ ይውለቁ። ሻይም ቡናም ሌላ ክፍል ይጠጣ። መጻፊያው እርሳስ ብቻ ይሁን፤ እስክሪብቶ ወደ ጠረጴዛው አይቅረብ።

ጓንትን በተመለከተ ሰው ብዙ ይሳሳታል። ነጭ የጥጥ ጓንት በሥዕል ላይ ያምራል እንጂ የላላ ክር እየያዘ ይጎትታል፣ ጣትም የሚነካውን አያውቅም። ታጥቦ በደንብ የደረቀ ባዶ እጅ ለአብዛኛው ጨርቅ ይሻላል። የወርቅ ወይም የብር ክር ያለበት ከሆነ ግን የናይትራይል (ሰው ሠራሽ ቀጭን ጎማ) ጓንት ያድርጉ፤ የጣት ላብ ጨው ብሩን ያጠቁረዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ድሮ ሰብሳቢዎችና ሙዚየሞች ተባይን ለመከላከል አርሴኒክ፣ የሜርኩሪ ጨውና ዲዲቲ በልብስና በጠጉር ላይ ይነሰንሱ ነበር። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ነጭ ዱቄት ወይም የሚያብረቀርቅ ቅንጣት በስፌቱ ውስጥ ካዩ አያራግፉት፣ አያሽትቱት። ጓንትና ጭምብል አድርገው በፕላስቲክ ከረጢት ዘግተው ለባለሙያ ያቆዩት።

ልብሱን ከሳጥን ሲያወጡ ትከሻውን ይዘው አይሳቡ። ቁመቱን የሚያህል ጠንካራ ካርቶን ከሥሩ ያስገቡና ካርቶኑን ያንሱ።

2. ያንብቡት፣ ይመዝግቡት

ሥራው ሁሉ እዚህ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ውስጡን፣ እያንዳንዱን ቀዳዳና ነቁጥ ማስመሪያ አጠገቡ አድርገው ፎቶ ያንሱ። ቁመቱን፣ የደረቱን ዙሪያ፣ የእጅጌውን ርዝመት ይለኩ። ወለምታ የሚመረምር ሐኪም እንደሚያደርገው ሁሉ መጀመሪያ ጤነኛውን ጎን አይተው ወደ ተጎዳው ይሂዱ፤ የቀኝ እጅጌ ብቻ ካለቀ ለባሹ በቀኝ እጁ ምን ይሠራ እንደነበር ልብሱ እየነገረዎት ነው። ኪሱ ውስጥ ያለውን ቁራጭ ወረቀትም ሆነ የክር ብናኝ አይጣሉ፤ በትንሽ ፖስታ አድርገው ከየት እንደወጣ ይጻፉበት።

ቀጥሎ ገበሩን ገለጥ አድርገው የስፌቱን ውስጠኛ ጠርዝ ይዩ። ብርሃን እዚያ ስላልደረሰ የልብሱ እውነተኛ ቀለም ያለው እዚያ ነው። ዛሬ ግራጫ የመሰለዎት ቀሚስ ውስጡ ሐምራዊ ሆኖ ሲገኝ የሚሰማው ደስታ ለዚህ ሥራ ከሚከፈለው ደመወዝ ይቆጠራል።

ዘመኑን ለመገመት የሚረዱ ጥቂት ምልክቶች እነሆ። ኤልያስ ሃው በሁለት ክር የሚሰፋ የልብስ ስፌት መኪናውን ፓተንት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1846 ነው፤ መኪናው በየቤቱና በየሱቁ መግባት የጀመረው ግን ከ1850ዎቹ ወዲህ ነው። ስለዚህ ረጅሙ ስፌት ሁሉ በእጅ ከሆነ ልብሱ ከዚያ በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፤ በእጅ የሚሰፋ ሰው ዛሬም አለ። ዊልያም ፐርኪን የተባለ የ18 ዓመት ወጣት በ1856 የወባ መድኃኒት የሆነውን ኪኒን ሊሠራ ሲሞክር ሳያስበው የመጀመሪያውን ገበያ ላይ የዋለ ሰው ሠራሽ ሐምራዊ ቀለም አገኘ፤ ከዚያ በፊት ማቅለሚያው በአብዛኛው ከዕፅዋትና ከነፍሳት ይወጣ ነበር። ዚፕ በልብስ ላይ የተለመደው በ1930ዎቹ ነው። ናይለን ለዓለም የተነገረው በ1938 ነው።

እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። ዚፑ የ1950ዎቹ ስለሆነ ቀሚሱም የ1950ዎቹ ነው ማለት አይደለም። ልብስ ይጠበባል፣ ይሰፋል፣ ይጠገናል፣ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ይቆረጣል። አዲሱ ክፍል የሚነግርዎት ልብሱ መጨረሻ የተነካበትን ጊዜ ነው። የቆዩ የመርፌ ቀዳዳዎችን በማጉያ መነጽር ይፈልጉ፤ ስፌቱ ተፈትቶ ሌላ ቦታ እንደተሰፋ እነሱ ያሳብቃሉ።

3. የጨርቁን ዓይነት ይለዩ

ከውስጥ ጠርዝ ላይ ራሱ የተላቀቀ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ክር ካገኙ በወረንጦ ይዘው፣ ከልብሱ ርቀው፣ ውሃ ባለበት ሳህን ላይ በእሳት ይለኩሱት። ጥጥና የተልባ እግር እንደ ወረቀት ይሸታሉ፣ ቀላል ግራጫ አመድ ይተዋሉ። ሱፍና ሐር እንደ ተቃጠለ ጠጉር ይሸታሉ፣ በጣት የሚደቅ ጥቁር ከሰል ይሆናሉ። ናይለንና ፖሊስተር ቀልጠው ጠንካራ እንክብል ይሠራሉ። የተላቀቀ ክር ከሌለ ይቅር፤ ለፈተና ሲባል ክር አይመዘዝም።

ሐር ሆኖ ሲቃጠል ግን የክሩን ቅርጽ እንደያዘ የሚቀር አመድ ካዩ ይጠንቀቁ። ጥሬ ሐር የተፈጥሮ ሙጫው ተቀቅሎ ሲወጣ ከክብደቱ እስከ ሩብ ድረስ ያጣል። ሐር በክብደት ይሸጥ ስለነበር ነጋዴው የጎደለውን ለመሙላት፣ ጨርቁም ወፈር ብሎ እንዲወድቅና ሲሄዱ እንዲንሾካሾክ፣ ሐሩን በቆርቆሮ ጨው ይነክረው ጀመር። ይህ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 20ኛው መጀመሪያ ድረስ በሰፊው ተሠርቶበታል። ዋጋውን የምንከፍለው እኛ ነን፦ ጨው የተሸከመው ሐር ማንም ሳይነካው ሳጥን ውስጥ ተኝቶ እንዳለ በቀጥታ መስመር ይሰነጣጠቃል። የሚያድነው መድኃኒት የለም። ማድረግ የሚቻለው ሳያጥፉ፣ ሳይሰቅሉ፣ ጠፍጣፋ አስተኝቶ ብርሃን መከልከል ብቻ ነው።

ሌላው ራሱን በራሱ የሚበላ ጨርቅ በብረት ጨውና ታኒን በተባለ የዕፅዋት ንጥረ ነገር የተቀለመ ጥቁርና ቡናማ ነው። አሮጌ የግድግዳ ሽመናዎችን ቀረብ ብለው ቢያዩ ሌላው ቀለም ደህና ሆኖ የቅርጾቹ ጥቁር ዳር ዳር ብቻ ረግፎ ያገኙታል። ብረቱ ክሩን እያቃጠለው ነው። እንዲህ ያለውን ጥቁር በጣት ማሻሸት እንኳ ያረግፈዋል።

4. ብል ካለ

ብል የሚባለው ቢራቢሮ መሰሉ ነፍሳት ራሱ ልብስ አይበላም፤ ከወጣ በኋላ ምግብ የሚባል ነገር አይቀምስም። የሚበላው ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል (እጭ) ነው፤ ሱፍ፣ ጠጉር፣ ላባ ያገኛል፣ ሐርም አይምርም። ንጹሕ ጥጥን ይተዋል፤ ላብ ወይም የምግብ ነጠብጣብ ካለበት ግን አብሮ ይቆርጠዋል። ጨለማና ያልተነካካ ቦታ ይወዳል። አሸዋ የመሰለ እዳሪና የድር ቱቦ ካዩ እዚያው አለ ማለት ነው።

ናፍታሌን አልመክርም። ሽታው ከልብሱ አይለቅም፣ ለሳንባም ጥሩ አይደለም፣ በክፍት ቁም ሣጥን ውስጥ ደግሞ ተባዩን አይገድልም። ቅዝቃዜ ይሻላል። ልብሱን አሲድ በሌለው ወረቀት ጠቅልለው በፖሊኢትሊን (ተራ የምግብ ማቆያ ፕላስቲክ) ከረጢት ያስገቡ፣ አየሩን ያስወጡ፣ አፉን በደንብ ይዝጉ። ከዜሮ በታች 18 ወይም 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚደርስ ፍሪዘር ሁለት ሳምንት ያቆዩት። ሲያወጡት ከረጢቱን አይክፈቱ፤ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ተዘግቶ ከክፍሉ ሙቀት ጋር ይስተካከል። ያኔ ጤዛው ከረጢቱ ላይ ይቀራል እንጂ ልብሱ ላይ አይወርድም። በቀለም የተሣለበት፣ የመስታወት ዶቃ ወይም የዝሆን ጥርስ ጌጥ ያለበት ልብስ ፍሪዘር አይግባ።

5. አቧራውን ያንሱ

አቧራ በማጉያ ሲታይ ስለታም አሸዋ ነው፤ ልብሱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ክሩን ይቆርጣል። የአቧራ መሳቢያ መኪናዎን በዝቅተኛው ጉልበት ያድርጉት። ጠርዙ በጨርቅ የተከፈፈ የናይለን መረብ ልብሱ ላይ ያስቀምጡና በመረቡ ላይ ይሳቡ፤ አፉን አያሹት፣ አንስቶ እያስቀመጡ ይሂዱ። ዶቃ፣ የላላ ጥልፍና የተሰነጠቀ ሐር ባለበት ቦታ መሳቢያውን ይተዉና በለስላሳ የሥዕል ብሩሽ አቧራውን ወደ መሳቢያው አፍ ብቻ ይግፉት።

ለአብዛኛው ልብስ ጽዳት እዚህ ያበቃል።

6. ውሃን ከማሰብዎ በፊት

ያልኩት የራሴ ጥፋት ይኸውና። ቀይ ጥልፍ ያለበት የወየበ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ነበር። አንዱን ቀይ ክር በውሃ ጠብታ ፈተንኩት፤ አልለቀቀም። ሙሉውን ነከርኩት። ጥልፉ ላይ ግን ሁለት ዓይነት ቀይ ነበረ፤ አንዱ ከሌላ ጊዜ ጥገና የመጣ። ውሃው ውስጥ ሮዝ ጭስ የመሰለ ነገር ሲወጣ እያየሁ ማድረግ የቻልኩት ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ፈተናው እያንዳንዱን ቀለም፣ እያንዳንዱን ክር ይመለከታል። በማይታይ ቦታ አንድ ጠብታ የተጣራ ውሃ ያድርጉ፣ ነጭ መምጠጫ ወረቀት ከላይም ከታችም ጫን ያድርጉበት፣ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ከዚያ ያንኑ ሊጠቀሙ ባሰቡት ሳሙና ውህድ ይድገሙት። ወረቀቱ ላይ ትንሽ ጥላ እንኳ ከታየ አይታጠብም። ሐር፣ የብረት ክር፣ ቬልቬት፣ በብረት ጨው የጠቆረ ጨርቅና ከተለያየ ጨርቅ የተሰፋ ልብስም በቤት አይታጠብም።

የቀረው ምንድን ነው? ቀለም የሌለው፣ ያልተቀደደ ጥጥና የተልባ እግር። እነዚህ ሲርሱ ይጠነክራሉ፤ ሱፍና ሐር ይደክማሉ፤ ሬዮን የተባለው ሐር መሳይ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ደግሞ ርጥብ ሲሆን ከጉልበቱ ግማሽ ያህሉን ሊያጣ ይችላል። ሰፊና ጠፍጣፋ ዕቃ ያዘጋጁ፣ ልብሱን መረብ ላይ አስተኝተው ከመረቡ ጋር ያስገቡት። ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ውሃ፣ ሽታና ማንጪያ የሌለው ለስላሳ ሳሙና በጥቂቱ፤ በስፖንጅ ጫን ጫን እንጂ ማሸት የለም፣ መጭመቅ የለም። ውሃው ጥርት እስኪል ደጋግመው ያለቅልቁ፤ የመጨረሻው ማለቅለቂያ የተጣራ ውሃ ይሁን። የሚያነሱት መረቡን ነው። ንጹሕ ፎጣ ላይ ጠፍጣፋ አድርገው ድርና ማጉ ቀጥ እንዲል በጣት አስተካክለው በጥላ ያድርቁት።

በረኪና በፍጹም። ጥጥን ያሳሳል፤ ሱፍና ሐርን ደግሞ ቃል በቃል ያሟሟቸዋል። ካውያም ይቅር፤ ያላዩትን ነቁጥ ለዘለዓለም ያትመዋል፣ የእጥፋት ማስረጃውንም ያጠፋል።

7. ለተቀደደው

አሜሪካኖች ብሔራዊ መዝሙራቸው የተጻፈላት ሰንደቅ ዓላማ አለቻቸው፤ ሜሪ ፒከርስጊል በ1813 ባልቲሞር ውስጥ የሰፋቻት። በ1914 አሚሊያ ፋውለር የተባለች የጥልፍ ባለሙያ ከሠራተኞቿ ጋር ሆና የተልባ እግር ጨርቅ ከጀርባዋ አድርጋ በ1.7 ሚሊዮን ገደማ ስፌት ያዘቻት። በጊዜው የነበረው ምርጥ ሥራ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ግን የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ባለሙያዎች ያንን ሁሉ ስፌት አንድ በአንድ እየቆረጡ ማውጣት ነበረባቸው። የፋውለርን ሥራ ለመናቅ አላነሳሁትም፤ ስፌቱ ስፌት በመሆኑ ሊወጣ ችሏል። ሙጫ ቢሆን ኖሮ አይወጣም ነበር።

ስለዚህ ሙጫ፣ ፕላስተር፣ በካውያ የሚለጠፍ ጨርቅ ክልክል ነው። ከተቀደደው ሥር ቀለሙ የሚመሳሰል፣ ታጥቦ የተኮማተረና ቀለም የማይለቅ ስስ ጨርቅ ያስገቡ፤ ለሐር ሐር፣ ለጥጥ ጥጥ። ቀጭን መርፌ ይዘው በክሮቹ መካከል ባለው ክፍተት ይለፉ፤ ክሩን አይብሱ። የላሉትን አሮጌ ክሮች በረጅም ክር አግድም ይያዙና ያንን ክር ደግሞ በየጥቂት ሚሊ ሜትሩ በትናንሽ ስፌት ይወስውሱት። አያጥብቁት። የሚሰፉበት ክር ከአሮጌው ጨርቅ የደከመ መሆን አለበት፤ አንድ ቀን ልብሱ ቢሳብ መበጠስ ያለበት የእርስዎ ክር ነው። የጎደለውን አስመስለው አይሙሉት፤ ቀዳዳው ሥር ያለው ጨርቅ ዓይን እንዳይወጋ ካደረገ በቂ ነው። የሠሩትን ሁሉ መዝገቡ ላይ ይጻፉ።

8. ማስቀመጥ

ቦታ ሲመርጡ ጣሪያ ሥር ያለውንና ምድር ቤቱን ይተዉ፤ አንዱ ይሞቃል፣ ሌላው ይረጥባል። በቤቱ መሀል ያለ፣ ከውጭ ግድግዳና ከውሃ ቧንቧ የራቀ ክፍል ይሻላል። አንጻራዊ እርጥበቱ ከ45 እስከ 55 በመቶ ቢሆን መልካም ነው፤ ከ65 በመቶ ካለፈና እዚያው ከቆየ ሻጋታ ይጠብቁ። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ሳጥኑ አጠገብ ያስቀምጡ።

ተራ ካርቶንና እንጨት አሲድ ያመነጫሉ፤ የድሮ ልብስ እጥፋት ላይ የሚታየው ቡናማ መስመር ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። አሲድ የሌለበት ሳጥን ካላገኙ የእንጨቱን ሳጥን ውስጥ በወፍራም ፖሊኢትሊን ከልለው፣ በላዩ በተደጋጋሚ የታጠበ ያልተቀለመ አቡጀዲ ያልብሱት። መጠቅለያ ወረቀት ሲገዙ ዓይነቱን ይጠይቁ፦ አልካላይ (አሲድን የሚያከሽፍ ነገር) የተጨመረበት ለጥጥና ለተልባ እግር ይስማማል፤ ለሐርና ለሱፍ ግን ያልተጨመረበት ነው የሚሻለው። የላውንደሪ ፕላስቲክና ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ ይጣሉ።

አጥፎ ማስቀመጥ ግድ ከሆነ በእያንዳንዱ እጥፋት ውስጥ ወረቀት እንደ ቋሊማ ጠቅልለው ያስገቡ፤ እጥፋቱ ክብ ይሁን፣ ስለት አይሁን። እጅጌውንና ደረቱን በተጨማደደ ወረቀት ሙሉት። ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ። ሻርፕ፣ አልጋ ልብስና የመሳሰለው ጠፍጣፋ ጨርቅ ከመታጠፍ ይልቅ በወረቀት በተሸፈነ ወፍራም ቱቦ ላይ ቢጠቀለል ይመረጣል።

መስቀል የሚቻለው ትከሻው ጠንካራ የሆነውን ብቻ ነው፤ እሱም በጥጥ በተሞላ ሰፊ መስቀያ። ሹራብ፣ በሰያፍ የተቆረጠ ቀሚስ፣ በተለይም የ1920ዎቹ ዶቃ የበዛበት ስስ ቀሚስ ከተሰቀለ የራሱ ክብደት ይቀደዋል።

መዝገቡ ላይ ለልብሱ የሰጡትን መለያ ቁጥር በእርሳስ በጥጥ ጥብጣብ ላይ ጽፈው በሁለት ላላ ያሉ ስፌቶች ውስጡ ላይ ያያይዙት። መርፌ ቁልፍም የወረቀት መያዣ ሽቦም ይዝጋሉ።

9. ለእይታ ማውጣት

የብርሃን ጉዳት አይድንም፤ ይጠራቀማል እንጂ አይረሳም። ሙዚየሞች ለጨርቃ ጨርቅ 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) አካባቢ የሚያበሩት ለዚህ ነው። ቀጥተኛ ፀሐይ እስከ 100,000 ሉክስ ሊደርስ ይችላል። በዚህ ስሌት እንዲህ ባለ ፀሐይ ውስጥ ያለፈ አንድ ሰዓት፣ በቀን 8 ሰዓት የሚበራ የሙዚየም መብራት ሥር ካለፈ 250 ቀን ጋር ይተካከላል፤ የፀሐዩ አልትራቫዮሌት ጨረር ሳይታሰብ። ልብሱን መስታወት ውስጥ መስቀል ከፈለጉ ከመስኮት ትይዩ ያልሆነ ግድግዳ ይምረጡ፣ መስታወቱ ጨርቁን አይንካው፣ ከጥቂት ወራት በኋላ አውርደው ያሳርፉት።

ለመልበስስ? አይለበስ። ልኩንና ቅርጹን ወስደው አዲስ ያሰፉ።

10. በየስድስት ወሩ

ሳጥኑን ይክፈቱ። ወረቀቱ ላይ እዳሪ፣ ክንፍ ወይም አዲስ ብናኝ መኖሩን ይዩ፣ ያሽትቱ፤ ሻጋታ ከመታየቱ በፊት ይሸታል። በፊት ከነበረው እጥፋት ጥቂት ጣት ዘወር አድርገው በአዲስ መስመር አጥፈው ያስቀምጡት። የወየበውን ወረቀት ይቀይሩ። ቀኑንና ያዩትን መዝገቡ ላይ በእርሳስ ይጻፉና ክዳኑን ይመልሱ።